ፈተና የወደቀው መምህር፤ የግሬጎር ሜንዴል አጭር የሕይወት ታሪክ

ባዮሎጂ በሚሰጥበት ኮሌጅ ሁሉ ከመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ፊት የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ረጅም የአተር ተክል ከአጭር የአተር ተክል ጋር ቢዳቀል የልጅ ልጆቻቸው ስንቱ ረጅም፣ ስንቱ አጭር ይሆናሉ የሚል ነው። መልሱን ያወቀ ነጥብ ያገኛል፤ ያላወቀ ያጣል። ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን በገዛ እጁ ዘርቶ ያጨደው ሰው ግን፣ የተፈጥሮ ታሪክ መምህር የሚያሰኘውን የምስክር ወረቀት ለማግኘት ሁለት ጊዜ ለፈተና ቀርቦ አንድም ጊዜ አላለፈም። ይህ ሰው ግሬጎር ሜንዴል ነው።

እኛም የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚታተመው በዚህ መጽሔት የሜንዴልን ታሪክ ለመጻፍ የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ብዙዎቻችን በቅርብ ጊዜ ከፈተና ወረቀት ጋር ፊት ለፊት እንገናኛለን። ፈተና ሲቀርብ ደግሞ በተማሪዎች ዘንድ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ ወገን ፈተና የወደቀ ሰው ዕውቀት የለውም ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ታላላቅ ሊቃውንትም ወድቀዋልና ፈተና ዋጋ የለውም እያለ ራሱን ያጽናናል። የሜንዴልን ሕይወት በጥሞና ለተመለከተ ሰው ሁለቱም ወሬዎች ልክ አይደሉም። ይህንንም ከታሪኩ ለማሳየት እንሞክራለን። ዘመናቱን ሁሉ የጠቀስነው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን ዘንድ እንለምናለን።

ልደቱና አስተዳደጉ

ሜንዴል በጁላይ ወር 1822 ዓ.ም. በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት በሲሌዥያ አውራጃ፣ ሄንዘንዶርፍ በምትባል ትንሽ የገበሬ መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ ትገኛለች። የልደት ስሙ ዮሐን ነበር። አባቱ አንቶን ሜንዴል የራሱን ማሳ የሚያርስ ገበሬ ቢሆንም፣ በሳምንት ሦስት ቀን ለባላባቱ ያለ ደመወዝ የመሥራት ግዴታ ነበረበት፤ የእኛ አገር አባቶች ያውቁት የነበረውን የሁዳድ ሥራ የመሰለ ማለት ነው። አባትየው የፍራፍሬ ዛፍ ማዳቀልና መንከባከብ ይወድ ስለነበረ፣ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተክልን በእጁ መያዝ ለመደ።

ወላጆቹ አንድ ወንድ ልጃቸው ማሳውን እንዲወርስ ይፈልጉ ነበር። ነገር ግን የልጁን የአእምሮ ብሩህነት ያዩ ሰዎች ትምህርቱን እንዲቀጥል መከሩ። በ1834 ዓ.ም. ትሮፓው ወደሚባል ከተማ ሄዶ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ቤተሰቡ ሙሉ ቀለቡን ለመክፈል አቅም ስላልነበረው ተማሪው ሜንዴል ብዙ ጊዜ ጠግቦ አይበላም ነበር። በ1838 ዓ.ም. አባቱ ግንድ ወድቆበት ክፉኛ ተጎዳ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የ16 ዓመቱ ወጣት ሌሎች ልጆችን እያስጠና በሚያገኘው ገንዘብ ራሱን ችሎ መማር ግድ ሆነበት።

በ1840 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ኦልሙትዝ በሚባለው ከተማ ወደሚገኘው የፍልስፍና ተቋም አመራ። በዚያም ድኽነትና ሕመም ተባብረው ትምህርቱን ለማቋረጥ አደረሱት። በዚህ ጊዜ የደረሰችለት ታናሽ እኅቱ ቴሬዝያ ነበረች። ለመዳሪያዋ ከተመደበላት ገንዘብ ከፍላ ሰጠችው። ሜንዴልም ይህን ውለታ አልረሳም፤ ኋላ በእጁ ገንዘብ ሲገባ የእርስዋን ወንዶች ልጆች በማስተማር ብድሩን መለሰ።

ትምህርቱን ለመቀጠል ሌላ መንገድ ስላልነበረው በፊዚክስ መምህሩ አሳሳቢነት በ1843 ዓ.ም. ብሩን፣ የዛሬዋ ብርኖ፣ ወደሚገኘው የቅዱስ ቶማስ ገዳም ገባ። ግሬጎር የሚለውንም ስም ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ የአውጉስጢኖሳውያን የካቶሊክ ገዳም ሰፊ ቤተ መጻሕፍትና የተክል ቦታ ነበረው፤ መነኮሳቱም በከተማው ትምህርት ቤቶች ያስተምሩ ነበር። አበ ምኔቱ ሲሪል ናፕ በግብርናና በእንስሳት ርባታ ጉዳይ ከአካባቢው አርቢዎች ጋር የሚመክሩ፣ የወላጅ ጠባይ ለልጅ እንዴት ይተላለፋል የሚለው ነገር የሚያሳስባቸው ሰው ነበሩ። ሜንዴል የእህልና የማደሪያ ጭንቀት የተወገደለት እዚህ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና

ሜንዴል በ1847 ዓ.ም. ቅስና ተቀበለ። ነገር ግን በሽተኞችን መጎብኘት የአንድ ቄስ ተግባር ሲሆን፣ የሰው ሥቃይ ሲያይ እርሱ ራሱ ይታመም ነበር። አበ ምኔቱም ይህን አይተው በ1849 ዓ.ም. ዝናይም በሚባል ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተተኪ መምህር ሆኖ እንዲያስተምር ላኩት። በማስተማርም የተመሰገነ ሆነ። ይሁን እንጂ መደበኛ መምህር ለመባልና ሙሉ ደመወዝ ለማግኘት በቪየና የሚሰጠውን የመንግሥት ፈተና ማለፍ ያስፈልግ ነበር።

በ1850 ዓ.ም. ሜንዴል ለፈተናው ቀረበ። እስከዚያ ቀን ድረስ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አያውቅም፤ የተፈጥሮ ታሪክን በአብዛኛው ያጠናው ብቻውን ነበር። ስለ አየርና ስለ ነፋስ የጻፈው የፊዚክስ መልስ ተቀባይነት አገኘ። ስለ ድንጋዮች አፈጣጠር የጻፈው ግን ፈታኙን አላረካም። ከሁሉ የከፋው የእንስሳት ትምህርት ነበር። አጥቢ እንስሳትን በየወገናቸው መድቦ ለሰው የሚሰጡትን ጥቅም እንዲገልጽ ሲጠየቅ፣ በሊቃውንት ዘንድ የተለመዱትን የምደባ ስሞች ትቶ በገበሬ ቋንቋ የሚታወቁትን ስሞች ጻፈ። ፈታኞቹም አላለፈም ብለው ወሰኑ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ ይገባናል። ፈታኞቹ ክፉዎች አልነበሩም። የእንስሳት ምደባ የራሱ ሥርዓትና የራሱ ቋንቋ ያለው ዕውቀት ነው፤ ሜንዴልም ያን ጊዜ አላወቀውም። ጉድለቱ እውነተኛ ነበር። ነገር ግን ከፈታኞቹ አንዱ የሆነው የፊዚክሱ ሊቅ ባውምጋርትነር ጉድለቱ የትምህርት ዕድል ማጣት እንጂ የአእምሮ ማነስ አለመሆኑን ተመለከተ። አበ ምኔት ናፕም የገዳሙን ገንዘብ አውጥተው ሜንዴልን በ1851 ዓ.ም. ወደ ቪየና ዩኒቨርሲቲ ላኩት። እንግዲህ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያስገባው የወደቀበት ፈተና መሆኑን ልብ ይሏል።

በቪየና እስከ 1853 ዓ.ም. ቆየ። ከክርስቲያን ዶፕለር የፊዚክስ ሙከራ እንዴት እንደሚዘጋጅ ተማረ፤ ይኸውም ትልቁን ነገር በአንድ ጊዜ ከመጠየቅ ይልቅ አንዲት ጠባብ ጥያቄ መርጦ ሌላውን ሁሉ ባለበት ማቆየት ነው። ከኤቲንግስሃውሰን ነገሮች በስንት ዓይነት መንገድ ሊጣመሩ እንደሚችሉ የሚቆጥረውን የሒሳብ ክፍል ቀሰመ። ከፍራንዝ ኡንገር ደግሞ ስለ ተክል ሕዋሳት ተማረ። እነዚህ ሦስት ትምህርቶች በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ መገናኘታቸው ኋላ ለተገኘው ሁሉ መሠረት ሆነ።

አተርን መፈተን

ወደ ብሩን ተመልሶ ከ1854 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ዘመናዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስና የተፈጥሮ ታሪክ አስተማረ። በ1856 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ወደ ቪየና ለፈተና ሄደ። ፈተናውን ጀምሮ ሳይፈጽመው፣ ታምሞ፣ ያለ ምስክር ወረቀት ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሦስተኛ ሙከራ አላደረገም። እስከ 1868 ዓ.ም. ድረስ በዚያው ትምህርት ቤት በተተኪ መምህርነት ስም ብቻ አገለገለ። ያለ ማዕርግ 14 ዓመት ማስተማር ለማንም ሰው ቀላል አይደለም። ሆኖም ታላቁን ሥራውን የጀመረው በዚያው በሁለተኛው ውድቀት ዓመት ነው።

በገዳሙ ግቢ ውስጥ 35 ሜትር በ7 ሜትር የሆነች ጠባብ መደብ ነበረች። ሜንዴል በዚያች ላይ አተር ዘራ። አተርን የመረጠው አስቦበት ነው። የአተር አበባ ወንዴና ሴቴ ክፍሎች በአንድ አበባ ውስጥ ተከድነው ስለሚገኙ፣ ማንም ካልነካው አበባው በራሱ ዱቄት ይራባል፤ የባዕድ ዘር በቀላሉ አይገባበትም። ሰው ማዳቀል ሲፈልግ ግን አበባው ሳይበስል ከፍቶ የወንዴውን ክፍል በወረንጦ ነቅሎ፣ የሌላውን ተክል ዱቄት በብሩሽ አድርጎ፣ ነፍሳት እንዳይደርሱበት በከረጢት መሸፈን ይችላል።

ሥራውን ከመጀመሩ በፊት 34 ዓይነት አተር ሰብስቦ ሁለት ዓመት ፈተናቸው። ከልጅ ልጅ ጠባያቸውን የማይለውጡትን 22 ዓይነት ለሥራው መረጠ። ከዚያም በግልጽ የሚለዩ 7 ጠባዮችን ያዘ፤ የፍሬው ቅርጽ፣ የፍሬው ውስጠኛ ቀለም፣ የፍሬው ቅርፊትና የአበባው ቀለም፣ ፍሬውን የሸፈነው ልባስ ቅርጽ፣ የልባሱ ቀለም፣ የአበባው አቀማመጥና የግንዱ ቁመት ናቸው። እስከ 1863 ዓ.ም. ድረስ 28,000 ያህል ተክሎችን እየተከለ፣ እየለቀመና እየቆጠረ ኖረ። ከእርሱ በፊትም ተክል ያዳቀሉ ሰዎች ብዙ ነበሩ፤ ነገር ግን የልጆቹን ዓይነት ለይቶ በትውልድ በትውልዱ በቁጥር የመዘገበ እንደ እርሱ ያለ አልነበረም።

እስቲ እኛም እንፈተን

ከዚህ ቀጥሎ ሜንዴል በመደቡ ላይ ያገኛቸውን ቁጥሮች በፈተና መልክ እናቀርባለን። አንባቢ መልሱን ከማየቱ በፊት ጥቂት ቢያስብ ደስ ይለናል።

አንደኛ፤ ረጅም ተክል ከአጭር ተዳቅሎ የተወለዱት ልጆች ሁሉ ረጃጅም ሆኑ። አጭርነት የት ሄደ? በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች የአባትና የእናት ጠባይ ቡናና ወተት እንደሚቀላቀል ተቀላቅሎ ይቀራል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እውነት ቢሆን ኖሮ ልጆቹ መካከለኛ ቁመት በኖራቸው፣ አጭርነትም ዳግመኛ ባልታየ ነበር። ነገር ግን ልጆቹ በራሳቸው ተራብተው ሲወልዱ ከ1,064 የልጅ ልጆች 787 ረጃጅም፣ 277 አጫጭር ሆኑ። እንግዲህ አጭርነት አልጠፋም፤ ተደብቆ ነበር። ሜንዴል ፊት ለፊት የሚታየውን ጠባይ አሸናፊ፣ የሚደበቀውን ተሸናፊ የሚል ትርጉም ባላቸው ቃላት ጠራቸው።

ሁለተኛ፤ ከ7,324 ፍሬዎች 5,474 ድቡልቡል፣ 1,850 የተጨማደዱ ሆኑ። ከ8,023 ፍሬዎች 6,022 ቢጫ፣ 2,001 አረንጓዴ ሆኑ። በእነዚህና በፊተኛው መካከል ምን አንድነት አለ? በሁሉም ዘንድ አሸናፊው ጠባይ ሦስት ሩብ ያህል፣ ተሸናፊው አንድ ሩብ ያህል ነው።

ሦስተኛ፤ ሦስት ሩብ የሆኑት ረጃጅሞች ሁሉ በውስጣቸው አንድ ዓይነት ናቸውን? ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው በዚህ ነው። ሜንዴል ከእነርሱ 100 መርጦ የእያንዳንዱን ልጆች ተመለከተ። የ28ቱ ልጆች በሙሉ ረጃጅም ሆኑ፤ የ72ቱ ግን ከረጃጅም ጋር አጫጭርም ወለዱ። ስለዚህ ለዓይን አንድ የሚመስሉት በዘራቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንድ እጁ ንጹሕ፣ ሁለት እጁ ድቅል ነው። ከዚህ ተነሥቶ ሜንዴል እያንዳንዱ ተክል ለአንድ ጠባይ ሁለት መንሥኤ እንደሚይዝ፣ አንዱን ከአባት ሌላውን ከእናት እንደሚቀበል፣ ለልጁም ከሁለቱ አንዱን ብቻ እንደሚያስተላልፍ ተረዳ።

አራተኛ፤ ድቡልቡልና ቢጫ ፍሬ ያለው ተክል ከተጨማደደና አረንጓዴ ፍሬ ካለው ጋር ቢዳቀል፣ ድቡልቡልነት ሁልጊዜ ቢጫነትን ይዞ ይሄዳልን? ሜንዴል ከ556 የልጅ ልጅ ፍሬዎች 315 ድቡልቡልና ቢጫ፣ 108 ድቡልቡልና አረንጓዴ፣ 101 የተጨማደዱና ቢጫ፣ 32 የተጨማደዱና አረንጓዴ አገኘ። ከወላጆቹ በአንዱም ላይ ያልነበሩ ሁለት አዳዲስ ጥምሮች ወጡ። እንግዲህ ሁለቱ ጠባዮች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ ይወረሳሉ ማለት ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው ይህ ሕግ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ተጠጋግተው ለሚገኙ ጂኖች አይሠራም።

አምስተኛ፤ አሸናፊ ጠባይ ማለት የተሻለ ወይም በሕዝብ መካከል የበዛ ጠባይ ማለት ነውን? አይደለም። አሸናፊነት የሚናገረው ሁለቱ መንሥኤዎች በአንድ ተክል ውስጥ ሲገናኙ የትኛው እንደሚታይ ብቻ ነው። እንዲሁም ሦስት ሩብና አንድ ሩብ የሚለው ስሌት ብዙ ልጆች ሲቆጠሩ የሚቀርብ ነው እንጂ፣ አራት ልጆች ሲወለዱ ሁልጊዜ አንዱ አጭር ይሆናል ማለት አይደለም። ሜንዴል በሺሕ የቆጠረውም ስለዚህ ነው።

ያልተደመጠው ትምህርት

ሜንዴል የሥራውን ውጤት በ1865 ዓ.ም. በፌብሩዋሪና በማርች ወሮች በ8ኛው ቀን፣ በሁለት ስብሰባዎች ላይ ለብሩን የተፈጥሮ ጥናት ማኅበር አነበበ። የተሰበሰቡትም እርሱ በተተኪ መምህርነት በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። አድማጮቹ በትሕትና ሰሙት፤ የነገሩ ታላቅነት ግን አልገባቸውም። ጽሑፉ በ1866 ዓ.ም. ታተመ። ሜንዴልም 40 ቅጂ አስወጥቶ ለአንዳንድ ሊቃውንት ላከ።

ከእነርሱ መካከል የሙኒኩ የተክል ሊቅ ካርል ኔጌሊ መልስ ጻፈለት፤ ነገር ግን በአተሩ ሕግ አላመነም፤ ስለሚያጠናው ስለ ሌላ ተክል መጻጻፍን መረጠ። ያም ቢጫ አበባ ያለው የዱር ተክል፣ በላቲን ሂየራሲየም የሚባለው ነው። ሜንዴል ዓይኑን እስኪያመው ድረስ ጥቃቅን አበቦቹን እያዳቀለ ደከመ፤ ውጤቱ ግን ከአተሩ ጋር ፈጽሞ አልገጠመም። ምክንያቱ ኋላ ተገኘ፤ ይህ ተክል ብዙ ጊዜ ያለ ወንዴ ዱቄት ዘር የሚያፈራ ነው። ሳይዳቀል የወለደ ተክል ስለ ማዳቀል ሊመሰክር አይችልም።

በ1868 ዓ.ም. ሜንዴል የገዳሙ አበ ምኔት ሆኖ ተመረጠ። ከዚያ ወዲህ ለምርምር የቀረው ጊዜ አነሰ። በ1874 ዓ.ም. መንግሥት በገዳማት ላይ የጣለውን ግብር ባለመቀበሉ ክርክሩ እስከ ዕለተ ሞቱ አልተለየውም። ቢሆንም የአየሩን ጠባይ በየቀኑ መመዝገብንና ንቦቹን መንከባከብን አልተወም። በኩላሊት ሕመም ሲሠቃይ ቆይቶ በጃንዩዋሪ 6 ቀን 1884 ዓ.ም. በ61 ዓመቱ ዐረፈ። በቀብሩ ጸሎት ላይ ኦርጋን የመታው ሊዮሽ ያናቼክ ነበር፤ እርሱም ኋላ የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። የብሩን ሰዎች ደግ አበ ምኔትና ጥሩ መምህር ቀበሩ፤ ታላቅ ሊቅ መቅበራቸውን ግን አላወቁም።

ከሞቱ በኋላ

በ1900 ዓ.ም. የሆላንዱ ሁጎ ደ ፍሪስ፣ የጀርመኑ ካርል ኮረንስና የኦስትሪያው ኤሪክ ፎን ቼርማክ በየራሳቸው ስለ ተክል ማዳቀል የደረሱበትን ሲያሳትሙ፣ ከ34 ዓመት በፊት ያንኑ ነገር አንድ መነኩሴ ጽፎት አገኙ። ከሦስቱ ኮረንስ የዚያው የኔጌሊ ተማሪ የነበረ ነው። በ1905 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ዊልያም ቤትሰን ይህን የጥናት መስክ ጄኔቲክስ ብሎ ሰየመው፤ በ1909 ዓ.ም. ዴንማርካዊው ዊልሄልም ዮሐንሰን ሜንዴል መንሥኤ ያለውን ነገር ጂን አለው። በ1910 ዓ.ም. በብሩን ሐውልት ቆመለት። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ተመራማሪዎች አተሩ ለምን እንደሚጨማደድ ከጂኑ አነበቡ፤ ስታርች በሚሠራው ጂን ውስጥ ባዕድ ቁራጭ ስለ ገባበት ስኳር በፍሬው ውስጥ ይከማቻል፣ ስኳሩም ውሃ ይስባል፣ ፍሬው ሲደርቅ ይጨማደዳል።

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት እንመለስ። ፈተና የሚጠይቀው ሰዎች አስቀድመው ያወቁትን ነው። ሜንዴል በ1850 ዓ.ም. ያን ባለማወቁ ወደቀ፤ ውድቀቱም የጎደለውን አሳየው፤ ጎዶሎውንም በቪየና ሞላ። ፈተና ዋጋ የለውም የሚል ሰው ይህን ይመልከት። በ1856 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ሳይሳካለት ቀረ፤ ያ ግን በአተር መደቡ ውስጥ ያለውን ጥያቄ አላስተወውም፤ ጥያቄው መልሱ በማንም መጽሐፍ ላይ ያልተጻፈ ነበርና። ፈተና የወደቀ ዕውቀት የለውም የሚል ሰውም ይህን ይመልከት።

ስለዚህ ለፈተና የምንቀርብ ሁላችን፣ የሚጠበቅብንን በሚገባ እናጥና፤ ሦስት ሩብና አንድ ሩብ የሚለውን በቃል ከመያዝ አልፈን ከየት እንደ መጣ እንወቅ። ውጤቱ ሳይቀናው የቀረ ወንድማችን ወይም እኅታችን ቢኖር፣ ወረቀቱን ቀዶ ከመጣል ይልቅ የጎደለው የቱ እንደሆነ ከወረቀቱ ላይ ያንብብ። መምህሮቻችንንም ተማሪ ሲወድቅ እንደ ባውምጋርትነርና እንደ አበ ምኔት ናፕ ጉድለቱን ከሰውየው ለይተው እንዲያዩልን በአክብሮት እንለምናለን።

ለትምህርት ቤታችን ረጅም ዕድሜ፣ ለተማሪዎቹም የጥናት ትጋት እየተመኘን ጽሑፋችንን በዚህ እንፈጽማለን።